ቲም ያለው ድግስ በደሴና በኮምቦልቻ፦ የትኛው ለእናንተ ቤት ይሆናል?

የልጅ ልደት፣ ምርቃት፣ ቤቢ ሻወር፣ የጓደኛ መሸኛ። ምክንያቱ ይለያያል። ድግስ ሲታሰብ ግን አሁን አሁን መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ቲሙ ምንድን ነው?» ቲም የሚባለው ድግሱን አንድ መልክ የሚያስይዘው ሐሳብ ነው። ግድግዳውም፣ ማዕዱም፣ ልብሱም፣ ጨዋታውም እሱን ተከትሎ ይዘጋጃል።

ግራ የሚያጋባው የምርጫው ብዛት ነው። ስልክ ሲከፈት መቶ ዓይነት ፎቶ ይደረደራል፤ ሁሉም ያምራል። ግን አብዛኛው የተሠራው በሌላ አገር፣ በሌላ አየር፣ ለሌላ ማዕድ ነው። ያንን ፎቶ ይዘን ስንነሳ ነው ግማሹ እንግዳ የማይቀምሰው ኬክ፣ ነፋስ የሚጥለው ቅስት፣ መብራት ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ድግስ የሚመጣው።

እኔ ደሴ ነው የምኖረው፤ እህቴ ኮምቦልቻ ነች። በሁለታችን ቤትና በጎረቤት ቤት ብዙ ድግስ ላይ እጄን አስገብቻለሁ። ቲም ስመርጥ ከፎቶው በፊት የማየው ሁለት ነገር ነው፦ ቤት ውስጥ ማን ምን መሥራት ይችላል? ከሚመጣው እንግዳስ ማን ምን ይበላል? እነዚህ ሁለቱ ከተመለሱ ሌላው ይቀላል። ከዚህ በታች አምስት ዓይነት ቲሞችን በዚሁ ዓይን አወዳድሬያለሁ።

መጀመሪያ መመዘኛው

ከሁሉም በፊት ማዕዱ ነው። ወሎ ውስጥ አንድ ሳሎን ሲሞላ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አለበት፤ ብዙ ጊዜ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ። ሥጋ ከገባ ሁለት ዕርድ፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት ጭልፋ ነው። ጾሙም አለ። ረቡዕና ዓርብ አለ። 55 ቀን የሚቆየው ዐቢይ ጾም አለ። ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ የነቢያት ጾም ነው። ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታ ይከተላል። ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ይመጣል። በ2017ም በ2018ም የካቲት ላይ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በቀናት ልዩነት ነበር የገቡት። የካቲት ላይ የተወለደ ልጅ ያለው ቤት ጭንቁን ያውቀዋል። አንዱ እንግዳ ከመግሪብ በፊት ውሃም አይቀምስ፤ ሌላው ቅቤና እንቁላል ያለበትን አይነካ።

መውጫው ግን አለ። ድግሱን ከመግሪብ በኋላ አድርጉትና ማዕዱን ሙሉ በሙሉ የጾም አድርጉት። የምስር ሳምቡሳ፣ ድፎ ዳቦ፣ ፈንዲሻ፣ ቴምር፣ ፍራፍሬ፣ የጾም ኬክ። ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላል። እኔ ይህን ከሞከርኩ ወዲህ ጾም ባልሆነ ቀን እንኳ ሥጋ አላስገባም። ትሪ ተለይቶ «ይሄ የእናንተ፣ ያ የእነሱ» ሲባል ደስ አይለኝም፤ ልጆችም ያዩታል።

ሁለተኛው የቤቱ እጅ ነው። ማን ይጋግራል? ማን ይሰፋል? ስዕል የሚወድ ልጅ አለ? የቀርከሃ እንጨት ማቆም የሚችል አጎትስ? ይህን በወረቀት ጻፉት። ማንም የማይችለውን ሥራ የሚጠይቅ ቲም በመጨረሻ ገንዘብ ነው የሚጠይቀው።

ሦስተኛው አየር ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በመኪና 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚራራቁት፤ አየራቸው ግን ሌላና ሌላ ነው። ደሴ ላይ ፀሐይ ከጦሳ ተራራ ኋላ ስትገባ ብርዱ ወዲያው ይገባል። ኮምቦልቻ ላይ እኩለ ቀን የኬክ ክሬም ይቀልጣል። ዝናቡም በክረምት ብቻ አይደለም፤ በልግ አለ። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሰማዩ አይታመንም።

አራተኛው መብራት ነው፤ ቢጠፋ ድግሱ ይቀጥላል ወይ? አምስተኛው ወጪ ነው። ወጪ ሲባል ጠቅላላ ድምሩን ብቻ አትዩ። ምን ያህሉ ለኪራይ ሄደ? ምን ያህሉ በነጋታው ይጣላል? ምን ያህሉ ቤት ውስጥ ይቀራል? እነዚህን ለያይታችሁ ጻፉ። ኪራይ ይመለሳል፣ ፉኛ ይፈነዳል፣ የተሰፋ ጨርቅና የተሠራ ሰፌድ ግን ለሚቀጥለው ዓመት ይቆያል።

የጀበና ቲም

ለእኔ ሚዛኑን የሚደፋው ይህ ነው። ዕቃው ቤት ውስጥ አለ። ረከቦት፣ ጀበና፣ ስኒ፣ ማጨሻ፣ ቄጠማ፣ ፈንዲሻ። ችግሩ «ይሄማ በየቀኑ የምናደርገው ነው» መባሉ ነው። በየቀኑ የምናደርገውን ወደ ቲም የሚለውጠው ቅንብሩ ነው።

አንዱ መንገድ መርሐ ግብሩን በስኒ መክፈል ነው። አቦል ሲቀዳ እንግዳ ይገባል፣ ይተዋወቃል፣ ዳቦ ይቆረሳል። ቶና ላይ ጨዋታና ስጦታ ይሆናል። በረካ ላይ ታላላቆች ይመርቃሉ፤ አሜን የሚለውም አሚን የሚለውም እጁን ዘርግቶ ይቀበላል። ሰዓት የሚቆጥር መድረክ መሪ አያስፈልግም፤ ጀበናው ራሱ ይመራል። ለምርቃት ድግስ ከዚህ የተሻለ አላየሁም። ተመራቂውን ታላላቆች በበረካው ሲመርቁት ክፍሉ እንዴት ጸጥ እንደሚል ማየት ነው።

ሌላው መንገድ አራቱ ቅኝቶች ናቸው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ለኔ። ባቲም አምባሰልም የዚሁ የወሎ ቦታ ስሞች ናቸው። ሳሎኑን በአራት ማዕዘን ከፍላችሁ ለእያንዳንዱ የአንድ ቅኝት ስም ስጡት። ስሙን በሰፌድ ላይ በነጭ ወረቀት ቆርጣችሁ ለጥፉ። ትዝታ ማዕዘን ላይ የቤተሰብ የድሮ ፎቶ ይሰቀል። ባቲ ማዕዘን የገበያ መልክ ይያዝ፤ ቆሎ፣ ለውዝ፣ ቴምር በትናንሽ ሙዳይ ይደርደርበት። አምባሰል ላይ ማር፣ ብርዝና ድፎ ይቀመጥ። አንቺ ሆዬ ደግሞ የፎቶ ቦታ ይሁን፤ ግድግዳው ላይ ነጠላ ተዘርግቶ፣ ሴቶቹ ሹሩባ ተሠርተው፣ ድሪ አጥልቀው፣ ወንዶቹ ሽርጥ አሸርጠው። ከውጭ የሚገዛ ነገር የለም ማለት ይቻላል።

መጠጡ ቀሪቦ ይሁን። በልማድ ከአልኮል መጠጥ አይቆጠርም፣ ቀለሙም ያምራል። ገብሱ ወደ ጥቁርነት እስኪጠጋ ድረስ በደንብ ይቆላል። ከዚያ በብዙ ውሃ ይፈላል። ውሃው የጠቆረ ሻይ ሲመስል ይወርዳል፣ ይጠለላል፣ ይቀዘቅዛል። ለብ ሲል ስኳርና ትንሽ እርሾ ይገባበትና ተከድኖ ያድራል። ሊቀርብ ሲል እንደገና ስኳር ይጨመርበታል። ደሴ ላይ ሌሊቱ ስለሚበርድ ዕቃውን በብርድ ልብስ ጠቅልሉት፤ አለዚያ እርሾው ይተኛል። ኮምቦልቻ ላይ ግን ጠዋት ቶሎ ቅመሱት። ከቆየ ይኮመጥጣል፣ አልኮሉም ይጨምራል።

ቄጠማው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ባለፈው የእህቴ ልጅ ምርቃት ዋዜማ ማታ ሁሉንም ልጨርስ ብዬ ቄጠማውን መጎዝጎዝ ጀመርኩ። ጎረቤታችን እማማ ከበር ላይ ቆመው አዩኝ።

«ልጄ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ለነገ እያዘጋጀሁ ነው እማማ።»

«ዛሬ ጎዝጉዘሽው ነገ ገለባ ላይ ልታስቀምጪን ነው? ሥሩን ውሃ ውስጥ አቁሚውና እርጥብ ጨርቅ ጣል አርጊበት። እንግዳ ሊገባ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ጎዝጉዢው።»

እንዳሉት አደረግሁ። በማግስቱ ክፍሉ ውስጥ የገባ ሁሉ መጀመሪያ የተናገረው ስለ ሽታው ነበር።

ጉድለቱንም ልናገር። ቡና የምታፈላዋ ሰው ድግሱ እስኪያልቅ ታስራ ትቀመጣለች፤ ሁለት ሰው ተፈራርቀው ያፍሉ። አንድ መካከለኛ ጀበና ስምንት እስከ አሥር ስኒ ነው የሚወጣው፤ ለ30 ሰው ሦስት ጀበና ካላፈራረቃችሁ አቦሉ እስኪዳረስ የመጀመሪያው ይቀዘቅዛል። ክፍሉ ጠባብ ከሆነ የዕጣኑና የከሰሉ ጭስ ያፍናል፤ መስኮት ይከፈት፤ አስም ያለበት እንግዳ ካለ ዕጣኑ ይቅር። ከሰሉ ውጭ ይቀጣጠል እንጂ ተዘግቶ ክፍል ውስጥ አይጭስ። ትናንሽ ልጆች የሚሯሯጡበት ልደት ላይ ደግሞ ፍም አጠገባቸው መኖር የለበትም። ከጎረቤት የተዋሳችሁት ስኒ እንዳይደባለቅ ሥሩ ላይ ቁራጭ ፕላስተር ለጥፉበት።

የዱር እንስሳ ቲም ለልጆች

ለልጆች ልደት ከሚታዘዘው ብዙው የውጭ ካርቱን ነው። ባነሩ ይታተማል፣ ሳህኑ ይገዛል፣ ኬኩ ላይ ሥዕሉ ይለጠፋል። ቤት ውስጥ የሚሠራ ነገር አይተርፍም። እኔ የምመክረው የዱር እንስሳ ነው፤ ግን የራሳችንን። ቦረና ሳይንት ወረኢመኑ ብሔራዊ ፓርክ እዚሁ ወሎ ውስጥ ነው። ጭላዳም ቀይ ቀበሮም አለበት። ሁለቱም ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር የማይገኙ እንስሳት ናቸው። ለሰባት ዓመት ልጅ ይህን ስትነግሩት ዓይኑ ምን እንደሚሆን ሞክሩት።

የጭላዳ ጭምብል አሠራሩ ይህ ነው። የብስኩት ወይም የፓስታ ካርቶን ፊት በሚያህል ቁረጡ፤ ዓይኑን ቅደዱ። ቃጫ ግዙና የቡና አተላ በተዘፈዘፈበት ሙቅ ውሃ ውስጥ አንድ ሌሊት አሳድሩት። ነጩ ቃጫ እንደ ጭላዳ ጎፈር ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ፀሐይ ላይ ካደረቃችሁት በኋላ በካርቶኑ ዙሪያ በኮላ ለጥፉ። ለደረቱ ቀይ ጨርቅ ቁረጡ፤ ጭላዳን ከሌላው ዝንጀሮ የሚለየው ደረቱ ላይ ያለው ያ ቀይ ምልክት ነው። ጨርቁን በመርፌ ቁልፍ ልብሱ ላይ ያዙት። የቀይ ቀበሮው ከዚህም ይቀላል። ቀይ ወረቀት፣ ነጭ ጉንጭ፣ ረጅም ጆሮ።

ካርቶኑን እናንተ ቆርጣችሁ አዘጋጁ፤ መለጠፉን ግን ልጆቹ ድግሱ ላይ ይሥሩት። አንድ ሰዓት ሙሉ ያስቀምጣቸዋል። መብራት ቢጠፋ ግድ የለውም። ሲሄዱ ጭምብላቸውን ይዘው ይሄዳሉ፤ ለስጦታ ከረጢት ሌላ ወጪ አይኖርም።

ፉኛ ይኑር፤ ልጅ ያለ ፉኛ ልደት አይመስለውም። ግን አንድ ጊዜ የደረሰብንን ልንገራችሁ። እህቴ ኮምቦልቻ ላይ 70 ፉኛ በደንብ ወጥራ ነፋችና በሐረግ አስራ በሚኒባስ ይዛ ወጣች። መንገዱ ሽቅብ ነው። ከፍታው ሲጨምር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ ፉኛው ውስጥ ያለው አየር ይሰፋል። ዳገቱ ላይ አንድ በአንድ መፈንዳት ጀመረ። ሾፌሩ ጎማ መስሎት ቆመ። ደሴ ሲደርሱ ሲሦው የለም። ልጁ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ የነበረው ያንን ነበር። ስለዚህ ፉኛ የሚነፋው ድግሱ ባለበት ቦታ ነው። ከታች ይዛችሁ የምትወጡ ከሆነ ደግሞ ለስለስ አድርጋችሁ ንፉት። የፈነዳውን ቁራጭ ወዲያው ልቀሙ፤ ሕፃን አፉ ውስጥ ከከተተው ያንቃል።

ኬኩም የከፍታ ነገር አለበት። ኢንተርኔት ላይ ያለው አሠራር ባብዛኛው ለዝቅተኛ ቦታ የተጻፈ ነው። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ነው፤ ኮምቦልቻ 94 ገደማ። የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ኬኩ ቶሎ ይነሳል፣ ሳይበስል ደግሞ መሐሉ ይሰምጣል። እጄ መጥፎ ስለሆነ ነው ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። እኔ ሦስት ኬክ ከሰመጠብኝ በኋላ ነው ያወቅሁት።

እኔ የምጠቀምበት የጾም ኬክ እንዲህ ነው። 3 ኩባያ ዱቄት፣ 2 ኩባያ ስኳር፣ ግማሽ ኩባያ ኮኮዋ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው። ከዚያ ሁለት ሦስተኛ ኩባያ ዘይት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ፣ 2 ኩባያ ውሃ። አሠራሩ 2 የሻይ ማንኪያ ሶዳ ይላል፤ ደሴ ላይ አንድ ተኩል አድርጉት። ከስኳሩ 2 የሾርባ ማንኪያ ቀንሱ፤ ውሃው ላይ 2 ጨምሩ። ምድጃው ከተባለው ትንሽ ሞቅ ይበል። አቼቶው ሶዳውን ሲያገኝ ወዲያው ስለሚሠራ፣ ካዋሃዳችሁ በኋላ ሳትዘገዩ ምድጃ ውስጥ አስገቡት። እንቁላል የለ፣ ወተት የለ፤ ጾመኛውም ይበላዋል።

ምድጃ ለሌለው ቤት ድፎ ዳቦ አለ። 2 ኪሎ ዱቄት ለ25 ሰው ቁርስራሽ በቅቶናል። በኮባ ወይም በጎመን ቅጠል የተጋገረ ድፎ ላይ የልጁን ዕድሜ በጥቁር አዝሙድ ጻፉበት። ሊጥ ሳለ ነው የሚበተነው፤ ሲወጣ ቁጥሩ ቡናማው ላይ ጎልቶ ይታያል።

የቀለም ቲም

ቀላሉ ይህ ነው። ሁለት ቀለም ትመርጣላችሁ፤ እንግዳው ያንን ለብሶ ይመጣል፤ ጠረጴዛውም ያንን ይለብሳል። ጊዜ ለሌለው ሰው ጥሩ ነው። አንድ ነገር ብቻ አስቡ። እንግዳ አዲስ ልብስ ለመግዛት እንዳይገደድ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ያለውን ቀለም ምረጡ። ነጭ ነጠላና አንድ አረንጓዴ ነገር፣ በቃ። ወይን ጠጅና ወርቃማ ብላችሁ የላካችሁ እንደሆነ ግን አንዳንዱ «ልብስ የለኝም» ማለት አፍሮ ይቀራል። እንዲህ ብላ የቀረች ጓደኛ አለችኝ፤ ያወቅሁት ከወራት በኋላ ነው።

የደጅ ቲም

ሰሌን፣ ትራስ፣ ቅርጫት፣ ዛፍ ጥላ። ኮምቦልቻ ላይ ይህ ቲም በጣም ያምራል። ግቢ ያለው ቤት ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ቢጀምር ሙቀቱ በርዷል፣ ብርሃኑ ለፎቶ ይመቻል። ደሴ ላይ ከሆነ ግን ከአራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለው ጊዜ ነው የሚያዋጣው። ከዚያ በኋላ እንግዳው ጋቢ ፍለጋ ይገባል። ጋቢውን ራሱ የቲሙ አካል ማድረግም ይቻላል፤ ለእያንዳንዱ ምንጣፍ አንድ ጋቢ አጣጥፎ ማስቀመጥ።

ራቅ ማለት ለሚፈልግ ሐይቅ አለ። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውሃው ዳር ለትንሽ ቡድን መሸኛ ደስ ይላል። ትራንስፖርቱ ግን ከምግቡ ሊበልጥ ይችላል፤ ልጆች ካሉም ውሃው አጠገብ ዓይን የማይነቅል አንድ ትልቅ ሰው መመደብ ግድ ነው። በክረምትና በበልግ የደጅ ቲም አልመክርም። ሸራ ተከራይቶ ጭቃ ላይ መቀመጥ ገንዘብም ልብም ይበላል።

የድሮ ዘመን ቲም

ለወላጆች የጋብቻ በዓል ወይም ለጡረታ መሸኛ ይሆናል። የካሴት ቴፕ፣ የድሮ ፎቶ፣ አፍሮ፣ ሰፊ ሱሪ። ዕቃው ከአያት ቤት ይገኛል። ትልቁ ሥራ ፎቶ ማሰባሰብ ነው፤ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ስጡት። ዋናውን ፎቶ ግድግዳ ላይ አትለጥፉ፤ አስኮርጃችሁ ኮፒውን ስቀሉ። ኮላ የነካው የእናት ፎቶ አይተካም።

ማን ይሥራው? ዲኮር ሠሪ፣ ቤት፣ ወይስ ግማሽ በግማሽ?

ዲኮር ሠሪ መቅጠር የሚያዋጣው እንግዳው ከ60 ሲበልጥ ወይም አዳራሽ ሲሆን ነው። ትልቅ ግድግዳ መሸፈን፣ ወንበር ማልበስ፣ ቅስት ማቆም ሙያና ዕቃ ይጠይቃል። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ግን እነዚህን ጠይቁ። የምታሳዩኝ ፎቶ የራሳችሁ ሥራ ነው? ዋጋው ማጓጓዣንና ማፍረስን ይጨምራል? በስንት ሰዓት ጨርሳችሁ ትወጣላችሁ? ዕቃ ቢሰበር ማን ይከፍላል? መልሱን በጽሑፍ ያዙት፤ በቴሌግራም መልእክትም ይሁን። አንድ ጊዜ የቀጠርነው ሰው ሁለት ሰዓት ዘግይቶ መጣና እንግዳ ተቀምጦ መሰላል ላይ ሲወጡ ሲወርዱ ነበር። የተዋዋልነው «ጠዋት» ብለን ብቻ ነው። ጠዋት ስንት ሰዓት እንደሆነ አልተነጋገርንም።

ሁሉን በቤት መሥራት ከ30 ሰው በታች ላለ ድግስ ያስኬዳል፤ ሥራው ከተከፋፈለ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። አንዷ ድፎውን፣ አንዱ ሰሌኑን፣ ልጆቹ ወረቀቱን ይያዙ። እኔ ባየሁት በቤት የሚሠራ ድግስ የሚበላሸው በገንዘብ እጥረት ሳይሆን አንዲት እናት ሁሉንም ስትይዘው ነው። ልጇ ሻማ ሲያጠፋ እሷ ወጥ ቤት ናት።

እኔ የምመርጠው ግማሽ በግማሽ ነው። ወንበር፣ ትልቅ ጠረጴዛና ድምፅ ማጉያ ተከራዩ። ምግቡን፣ የፎቶውን ግድግዳና ለእንግዳ የሚሰጠውን ነገር በቤት ሥሩ። እንግዳ ቀርቦ የሚነካውና የሚቀምሰው የቤት እጅ ይኑርበት። ቤቱ የኪራይ ከሆነ ግድግዳው ላይ ምስማር አትምቱ፤ ከመጋረጃው ዘንግ ላይ ገመድ ዘርግታችሁ ነጠላ ወይም ያማረ አንሶላ በመቆንጠጫ ስቀሉ።

ሲጠቃለል

| ቲም | በቤት የሚሠራው | ማዕዱ ለሁሉ ይሆናል? | የሚመቸው አየርና ወቅት | መብራት ቢጠፋ | ገንዘቡ የሚሄደው |
|---|---|---|---|---|---|
| የጀበና | ሁሉም ማለት ይቻላል | አዎ፣ በቀላሉ | ሁለቱም ከተማ፣ ዓመቱን ሙሉ | ይቀጥላል | ቡና፣ ስኳር፣ ዱቄት |
| የዱር እንስሳ | ጭምብል፣ ኬክ፣ ጨዋታ | የጾም ኬክ ከሆነ አዎ | ሁለቱም ከተማ፣ ቤት ውስጥ | በቀን ከሆነ ይቀጥላል | ፉኛ፣ ኮላ፣ የኬክ ግብዓት |
| የቀለም | ጠረጴዛና ግድግዳ | እንደ ምርጫችሁ | የትም | ይደበዝዛል | ጨርቅና ፉኛ |
| የደጅ | ምግብና መቀመጫ | አዎ፣ ቀዝቃዛ ምግብ ከሆነ | ኮምቦልቻ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር | ችግር የለውም | ትራንስፖርት |
| የድሮ ዘመን | ፎቶና ልብስ | እንደ ምርጫችሁ | ቤት ውስጥ፣ የትም | ሙዚቃው ይቆማል | ፎቶ ኮፒ |

ለማን የትኛው?

እጃችሁ ላይ ያለው ገንዘብ ትንሽ ከሆነና ታላላቆች የሚበዙበት ድግስ ከሆነ፣ ሳታመነቱ የጀበናውን ያዙ። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ «አይጠየፍ» ነው። ሰው ሁሉ የሚበላበት ማዕድ ለዚህ ከተማ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የጀበናው ቲም ከዚያው ጋር ይሄዳል።

ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ላለ ልጅ የዱር እንስሳውን። ከአምስት ዓመት በታች ከሆነ ግን ጭምብሉን ተዉትና የቀለም ቲም አድርጉ፤ ሕፃን ፊቱ ላይ ነገር ሲታሰር ያለቅሳል። ተጋባዥ ልጆች ከ15 ባይበልጡ ይሻላል። ካርቶኑን የምትቆርጠው አንድ ሰው ከዚያ በላይ አትችልም።

ሥራ የሚበዛባችሁና ሁለት ቀን ብቻ የቀራችሁ ከሆነ የቀለሙን ምረጡ፤ ድፎውን ደግሞ ጎረቤት እንዲጋግርላችሁ ለምኑ። ኮምቦልቻ ላይ ግቢ ያለው ቤት ተከራይታችሁ የምትኖሩ የፋብሪካና የቢሮ ባልደረቦች ከሆናችሁ፣ ለመሸኛ የደጁን። ሁሉም አንድ አንድ ነገር ይዞ ይምጣ፤ ግን ማን ምን እንደሚያመጣ አስቀድማችሁ ጻፉ፣ አለዚያ አምስት ሰው ለስላሳ ይዞ ይመጣል፣ ዳቦ ያመጣ ይጠፋል።

ገንዘቡ ካላችሁና አዳራሽ ከያዛችሁ ዲኮር ሠሪ ቅጠሩ። ያኔም ቢሆን አንድ ማዕዘን ለቤታችሁ እጅ አስቀሩ። ከመግቢያው በስተቀኝ አንድ ረከቦት፣ ትኩስ ቄጠማ፣ ሰፌድ ሙሉ ፈንዲሻ። ቄጠማውን የሚጎዘጉዝ ሰው ከአሁኑ ይመደብ፤ ሥራው እንግዳ ሊገባ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ነው።